ከደጃፍ እስከ እቅፍ

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018

ለእታለም ፋሲካ፣

እንደምን ከረምሽ? ሆድሽ እንዴት ነው፣ ልጁስ ይራገጣል? እኛ ደህና ነን። የቦርከና ወንዝ ብርድ ጠዋት ጠዋት ገብቶ ይወጣል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

መልሱ ስለዘገየብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስልክ ላይ ለምን ዝም ትያለሽ ብለሽ ተቆጥተሻል። እታለም፣ ስልኩ ሲደወል እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ መሀል ቤት ታስቀምጠዋለች። ከሪማም ከጎረቤት ትመጣለች። ያኔ የእኔ ድምፅ ወዴት እንደሚገባ አላውቅም። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያየኝም። ጓደኛዬ ኩኩ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ስለያዘች ይሄን በስልኳ አንስታ ትልክልሻለች፤ ያንቺንም አትማ ትሰጠኛለች። አታነበውም። ብታነበውም አትናገርም።

እማዬ ውሃ ትጠጣለች ወይ ላልሽው፣ ትጠጣለች። ሐኪሙ የኩላሊቷ ጠጠር እንዳይመለስ ውሃ አብዢ ካላት ወዲህ ትልቁን ጆግ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጬላታለሁ። ቧንቧችን አሁንም በፈረቃ ነው። ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ዝገት ዝገት ይላል። ስለዚህ እኔ በመዳፌ ተቀብዬ እቀምሰዋለሁ፤ ሲጠራ ነው ለእሷ የምቀዳው። ማንም አላዘዘኝም፤ ከትምህርት ቤት ከቀረሁ ወዲህ በራሴ የያዝኩት ሥራ ነው።

ስለ አውሮፕላኑ የላክሽውን ምክር አነበብኩላት። ምስር እየለቀመች ነበር።

"ከመሳፈርሽ በፊት ሽሮም ባቄላም ጎመንም አትብዪ፤ ሰማይ ላይ ሆድ ይነፋል" ስላት፣ "ታዲያ በጾም ምን ልበላ ነው፣ ድንጋይ?" አለችኝ።

"አምቦ ውሃም አትጠጪ፣ ጋዙ ይነፋሻል።"

"ጠጥቼም አላውቅ።"

"ሻይና ቡና አታብዢ። ተራ ውሃ ግን በየሰዓቱ ፉት በዪ። ካልጠጣሽና ካልተነሳሽ እግርሽ ላይ ደም ይረጋል።"

ምስሩን በእጇ በተነችና፣ "ሽንት ቤቱስ ወዴት ነው?" አለች።

የመለሰችላት ከሪማ ናት። ቤሩት ሠርታ ስለመጣች በሰፈራችን አውሮፕላን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። "ጭራው ጋ ነው፣ እትዬ አረጋሽ። ስትለቂው ወላሂ እንደ አንበሳ ነው የሚጮኸው፤ እንዳትደነግጪ።" ከዚያ የመጀመሪያ ጉዞዋን አወራችን። ሆስተሷ በመቆንጠጫ ትኩስ ነጭ ጥቅልል ሰጠቻት። ከሪማ ዳቦ መስሏት ነከሰችው። ለካ የእጅ መጥረጊያ ፎጣ ኖሯል። "ግማሹን ካኘክሁ በኋላ ነው የገባኝ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ያላየ መስሎ በመስኮት ወደ ውጭ አየልኝ። አላህ ይስጠው፣ ደግ ሰው ነው።" እማዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ስለ ውሃውም እሺ ብላለች። ሁሉንም እንዳልሽው ታደርጋለች።

ባለቤትሽን ጋሼ ወንድምአገኘሁን ሰላም በይልኝ።

እህትሽ ትህትና

---

ሜልቦርን፣ ኅዳር 24 ቀን 2018

ትሁቴ፣

ከሪማን ሳሚልኝ። የፎጣውን ነገር መጦሪያው ውስጥ ለምንከባከባቸው አሮጊቶች ነግሬያቸው፣ አንዷ እስክትታነቅ ሳቀች። ይሄው ሁለት ቀን ሙሉ ፎጣ ባየች ቁጥር ትስቃለች።

እኔ ደህና ነኝ። እግሬ ያብጣል እንጂ ልጁ ደህና ነው። አምና ያለፈብኝን ስለምታውቂ፣ ደህና ነው ስልሽ እዚህ አገር ሰዎች ክፉ እንዳይደርስባቸው እንደሚያደርጉት እንጨት እየነካሁ አይደለም፤ እየጸለይኩ ነው።

አሁን ስሚኝ። የጾም ምግብ አዝዤላታለሁ፤ ሥጋም ወተትም የሌለበት። ትሪው ለእሷ ከሌላው ሰው ቀድሞ ይመጣል፣ "የእኔ አይደለም" ብላ እንዳትመልሰው ንገሪያት። ጨው ያለበትን ኦቾሎኒ ትተወው፤ እግር ያሳብጣል። አውሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮዋን እንዳያማት ከረሜላ ትያዝ። ቅቤ እንዳታመጣ። እዚህ ጉምሩኩ ቅቤና ሥጋ ካየ እንደ መርዝ ነው የሚያየው። ከዱባይ እዚህ ያለው መንገድ በጣም ረጅም ነው፤ ሳትተኛ ቁጭ ብላ እንዳትቀር፣ ትነሳ፣ ትራመድ፣ ውሃ ትጠይቅ።

ደግሞ አንድ ነገር። አንቺን ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ። ያልሠራሽውን የቤት ሥራ ሠርቻለሁ ብለሽ ስትጽፊ ፊደልሽ ይጠብ ነበር፤ አባዬ ነፍሱን ይማረውና ለማንበብ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ዓይኑ ሥር ያስጠጋ ነበር። በዚህኛው ደብዳቤሽ "ስለ ውሃውም እሺ ብላለች" የሚለውን ለማንበብ ስልኬ ላይ ፎቶውን በሁለት ጣት መለጠጥ ነበረብኝ።

ምን ደበቅሽኝ?

ፋሲካ

---

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የኩኩ ማተሚያ ቀለሙ እያለቀ ስለነበር ታችኛው በኩል ደብዝዟል፤ የመጨረሻዋ ጥያቄሽ ግን ትነበባለች።

ፓስፖርቷም ክትባቷም አልቋል። ቅቤውንም ከሻንጣው አውጥተነዋል። እማዬ ግን "አራስ ያለ ቅቤ? እዚያ አገር ሴት በምን ትጠገናለች?" እያለች እስካሁን ትነጫነጫለች። በሶውንና ሽሮውን አልነካነውም።

እሁድ ዕለት ጉዞውን ተለማመድነው። ሐሳቡ የከሪማ ነው። ወንበሮቹን በተርታ አድርጋ እማዬን መሀል፣ እኔን በመስኮቱ በኩል አስቀመጠችን። ነጠላ በወገባችን አስራ ቀበቶ ነው አለችን። ከዚያ ሻሿን ወደ ኋላ ቋጥራ በትሪ ይዛ መጣች።

"እመቤቴ፣ ዶሮ ይሁን አሳ?"

"ጾም ነው።"

"እንግዲያው ሩዝ በአትክልት አለ።"

"ጠግቤያለሁ።"

"ገና ከመሬት ሳትነሺ? እሺ፣ ውሃ እንኳ ውሰጂ። 'ዋተር' በዪ፣ እትዬ አረጋሽ። ይቺን አንድ ቃል ከያዝሽ ቻይና ድረስ አትሞቺም።"

"ዋተር" አለች እማዬ። በደንብ ነው ያለችው። ከሪማ ብርጭቆውን ስትሰጣት ግን ተቀብላ ለእኔ አሳለፈችልኝ። ከሪማ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ጠጣሁት። ብርጭቆውን ሳስቀምጥ እማዬ አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

እታለም፣ ጆጉ ጠዋት እንደሞላሁት ነው የሚያመሸው። ቀን ቀን አትጠጣም። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ቫዝሊን ትቀባለች። "ልልመደው" አለችኝ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ አውቀዋለሁ።

ምንም አልደበቅሁም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ፊደሌን ስለምታይው ፈራሁ። የደበቅሁት አለ። የእኔ ግን አይደለም፤ የሰው አደራ ነው። አትቆጪኝ።

ትህትና

---

ሜልቦርን፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018

ትህትና፣

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ እንቢ አለኝ፣ ይቅር በዪኝ።

የሥራ ባልደረባዬ እናት ልጇን ልትጠይቅ መጥታ ከአውሮፕላኑ በቀጥታ ሆስፒታል ነው የገባችው። ሽንት ቤት መሄድ አፍራ ውሃ ሳትጠጣ፣ ሳትነሳ ነው የመጣችው። እግሯ ላይ የረጋው ደም ወደ ሳንባዋ ሄደ። እማዬ ደግሞ ኩላሊቷን ታውቂዋለሽ።

ለምን እንደማትጠጣ እስከ ማክሰኞ ካልነገርሽኝ ትኬቱን እሰርዘዋለሁ። ብቻዬን እወልዳለሁ። እናቴ እኔን ልታርስ መጥታ እኔ እሷን ከምቀብር፣ ገንፎውን ራሴ ባገነፋው ይሻላል። የማንም አደራ ከእሷ ነፍስ አይበልጥም።

ፋሲካ

---

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2018

ለእታለም ፋሲካ፣

አትሰርዢው። እነግርሻለሁ።

አምና ፅንሱ የጨነገፈብሽ ጊዜ፣ በመስከረም ግሸን ወጥተን ነበር። አልነገርንሽም። እማዬ አልጋ ላይ ከዋለች ሰንብታ ነበር፤ ድንገት ተነስታ "ውሰጂኝ" አለችኝ። ቁልቁለቱንም ዳገቱንም ክንዴን ይዛ ሄደች። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተንበርክካ ስለት ገባች። ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ እኔ ግን ጉልበቴ ጉልበቷን እየነካ ስለነበር ሰማኋት። "ልጄ ሁለተኛ ብታረግዝ፣ ላርሳት በሄድኩ ቀን ከደጃፌ ከወጣሁ ጀምሮ እሷን እስካቅፍ ድረስ እህል ውሃ በአፌ አይዞርም" አለች።

ያኔ አንቺ ዘንድ የሚኬድበትን መንገድ ርዝመት አታውቀውም ነበር። እኔም አላውቀውም። ደሴ ደርሶ እንደመመለስ አድርጋ ነው የተሳለችው።

ስንወርድ፣ "ሰምተሻል፣ ምስክሬ ነሽ" አለችኝ። "ለእሷ ከነገርሽ ትከለክለኛለች፤ ስለቴም ይቀራል። የሚመጣው ሕፃን ላይ አንድ ነገር ቢደርስ በአንቺ ነው።"

አሁን ነገርኩሽ። ቃሌን በላሁ። ልጁ ከተራገጠ ቶሎ ጻፊልኝ።

ዝም ብዬ እንዳልተቀመጥሁ እንድታውቂ ይሄንንም ልጨምር። የነፍስ አባታችንን አባ ወልደ ሚካኤልን ልጠይቃቸው በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ሄድኩ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ መስቀል ተሳልሜ ተመለስኩ። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ግን ራሳቸው ጠሩኝ። "አንቺ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ ድረስ መስቀል ፍለጋ ነው እንዴ የምትመላለሽ?" አሉኝ።

"አባ፣ ስለት ከበደ" አልኳቸው።

"ማን ነው የተሳለው?"

እናቴ ልል ነበር፣ እታለም። ምስጢሯን ማውጣቴን ሳስብ አፌ፣ "እኔ" አለ።

"ምን ብለሽ?"

"እህል ውሃ አልቀምስም ብዬ። እህቴን እስካቅፍ።"

"እህትሽ የት ናት?"

"አውስትራልያ።"

"መቼ ልትሄጂ ነው?"

"እኔ አልሄድም፣ አባ።"

ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ሳቃቸውን እየደበቁልኝ እንደሆነ ገባኝ። "ታዲያ እስክትሞቺ ልትጾሚ ነው?" አሉኝ። መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ የተሳለ ሰው ቃሉን አይበላም። ከከበደው ግን ከሥጋው የሆነ ሰው ይሸከምለታል። እናት የለሽም? እናትሽ ትሸከምልሽ። አንቺ ብዪ፣ ጠጪ" አሉኝ።

በሚኒባሱ እስክወርድ ድረስ ይሄን እያሰብኩ መጣሁ። መልሱ ትክክል ነው፤ የተሰጠው ግን ለተሳሳተ ሰው ነው።

ትህትና

---

ሜልቦርን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018

ትሁቴ፣ የእኔ እናት፣

ልጁ እየተራገጠ ነው። ይሄን ወረቀት ስይዝ እንኳ ረግጦኛል። ይሄን መጀመሪያ አንብቢ ብዬ ነው ከላይ የጻፍኩት።

ትኬቱን አልሰረዝኩም። ቃልሽን የበላሽ እንዳይመስልሽ፤ አስገድጄ አውጥቼብሽ ነው። ኃጢአቱ የእኔ ነው።

አምና ሐዘን ላይ ሳለሁ እማዬ ስትደውል አላነሳሁም ነበር። አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ። ስልኩ ሲጮህ ትራስ እጭንበት ነበር። ልጅ የሞተባት እኔ ነኝ፣ ማጽናናት ደግሞ ከእኔ ይጠበቃል ብዬ ተቆጥቼ ነበር። እኔ ባነሳ ኖሮ እሷ ግሸን ሄዳ እንዲህ ያለ ቃል አትገባም ነበር። በስልኬ መጥታ ማልቀስ ስትችል ተራራ አስወጣኋት።

አባ ከሥጋ የሆነ ሰው ይሸከማል ካሉ እኔ አለሁ። ከቤቷ ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ እስካቅፋት እኔ ሳልበላ ሳልጠጣ እቆያለሁ፤ እሷ ትጠጣ። ሐኪሜ አይስማ። ንገሪያትና መልሷን ላኪልኝ።

ፋሲካ

---

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018፣ ማታ

ለእታለም፣

እንደምን አለሽ? ሄዳለች። ይሄ ሲደርስሽ ዱባይ ትሆናለች።

አንቺ እንዳትሸከሚ። ለሁለት ነፍስ ነው የምትበዪው። ያንቺን ሐሳብ ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ብትሰማ ጉዞውንም ትተወው ነበር። ተሸካሚ ተገኝቷል፣ አትጨነቂ።

እንዴት እሺ እንዳለች ልንገርሽ፣ የአባን ቃል ነገርኳት። "ማን ጠየቃቸው?" አለች። "እኔ" ስላት፣ "ምስጢሬን ተሸክመሽ ደሴ ድረስ ወጣሽ?" ብላ ዘጋችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አደረች። ከዚያ አንድ ጠዋት እሳቱ ሳይያያዝ አጠገቤ ቆማ አንዲት ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ እኔም "እችላለሁ" አልኳት። ብዙ አየችኝ። ሄዳ ጆጉን አነሳችና ቆማ ጠጣች። ከንፈሯ ስለተሰነጠቀ ውሃው አቃጥሏት ፊቷን ቋጠረች።

ዛሬ ከመውጣታችን በፊት ሩዝና ድንች አብረን በላን፤ እንዳልሽው ሽሮ አልነካችም፣ ጨውም ቀንሻለሁ። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ቆም አለች። እጄን ይዛ ነው የተሻገረችው።

አየር ማረፊያው በር ላይ ጥበቃው የያዘችውን ጠርሙስ አየ። "እማማ፣ ውሃ ይዘው መግባት አይቻልም" አላት።

"ሆዴ ውስጥስ?"

"ሆድዎ ውስጥ ይቻላል።"

እዚያው ፊት ለፊቱ ቀስ ብላ እስኪያልቅ ጠጣችው። እየጠጣች ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። ባዶውን ጠርሙስ ሰጠችኝና፣ "ዋተር" አለችኝ። ጥበቃው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ብስቅ አለቅሳለሁ።

ከአየር ማረፊያው በእግሬ ተመለስኩ። ፀሐዩ ኃይለኛ ነበር። ቤት ስደርስ ቧንቧው መጥቶ ነበር፤ ባልዲውንና ጀሪካኑን ሞላሁ። ሌላ ምንም የለም።

አንድ ነገር ለምኜሻለሁ። ስትደርስ ሻንጣ አትቁጠሪ፣ ስለ መንገዱም አትጠይቂያት። መጀመሪያ እቀፊያት። ቶሎ ብለሽ እቀፊያት።

ትህትና

---

ሜልቦርን፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2018

ትሁት፣

እማዬ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝታለች። አልጋ አንጥፌላት ሶፋውን መረጠች። ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር፤ እግሯም ኩላሊቷም ደህና ነው። ይሄን ሁሉ መንገድ መጥታ ከእኔ ያነሰ ነው ያበጠችው።

በኩኩ በኩል እንደላክሁልሽ ዱባይ ላይ በጭጋጉ ምክንያት አንድ ቀን ዘገየች። ያን ሌሊት ወንድምአገኘሁ ቁጭ ብሎ አደረ። እሷ ግን ሆቴል ወስደዋት "አልጋው እንደ ሊጥ ነው" ብላ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። አብሯት የመጣ የጎንደር ልጅ ነበር፤ እሱ እንደነገረኝ "ዋተር" ያላለችው ሰው የለም። ሆስተሷን፣ አብራሪውን፣ ሽንት ቤት የተሰለፈውን መንገደኛ ሁሉ። የሚሰጧት ብርጭቆ ትንሽ ስለሆነ፣ "ይቺ የወፍ ናት፣ ድገሚኝ" እያለች በአማርኛ ስትጨቃጨቅ መጨረሻ ላይ አንድ ሙሉ ጠርሙስ አምጥተው አጠገቧ አስቀመጡላት።

ከመውጫው በር ወዲህ ስጠብቅ ሰው ሁሉ ወጥቶ እሷ ቀረች። ለካ ጉምሩክ ይዟታል። በኋላ የጎንደሩ ልጅ ነው የነገረኝ። ቦርሳዋን ሲከፍቱት በሶውና ሽሮው ሥር በነጠላ የተቋጠረ ነገር አገኙ። ቢፈቱት ግማሽ ግማሽ የሆነ ዳቦ፣ ብስኩት፣ በናፕኪን የተጠቀለለ ሩዝ፣ የተቆረሰ ብርቱካን። ከኮምቦልቻ ጀምሮ ከተሰጣት ምግብ ሁሉ ግማሹን ነው ያስቀመጠችው። ጓንት ያጠለቀችው ልጅ አንድ በአንድ እያነሳች ስትጥለው እማዬ እጇን ያዘቻት። "የልጄ ድርሻ ነው፣ እኔ ስበላ እሷ አልበላችም" አለቻት። ልጅቷ ምን ታውቃለች፣ ፈገግ ብላ ጣለችው።

አንቺ እንዳልሽኝ አደረግሁ። ሻንጣ አላየሁም። አቀፍኳት። ከስምንት ዓመት በኋላ እናቴ የነገረችኝ የመጀመሪያ ነገር እንዴት ነሽ አይደለም። ጆሮዬ ሥር፣ "ደውዪላት፣ ውሃ ጠጪ በያት" አለችኝ። ከሪማ ስልክ ላይ ስደውል አንቺ "እሺ" ብቻ አልሽ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ስለቷን አንቺ እንደተሸከምሽላት መኪና ውስጥ ነው እማዬ የነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስትመርቅሽ ነው የምትውለው። "ስለቴን ያደረሰችልኝ እሷ ናት" ትላለች። ሆዴ ላይ እጇን አድርጋ ለልጁ ስላንቺ ታወራለታለች።

ግን ትሁት፣ ያን ቀን ማታ የጻፍሽውን ደግሜ አየሁት። "ሌላ ምንም የለም" የምትለው መስመር ጉንዳን ታክላለች።

ፋሲካ

---

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018

ለእታለም ፋሲካ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ለእማዬ፣ ለጋሼ፣ በሆድሽ ላለውም ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ከሪማ ሾርባ በሾርባ አድርጋኛለች።

ያን ቀን ከአየር ማረፊያው ስመለስ ቧንቧው መጥቶ ሲንጠባጠብ ሰማሁት። ለሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። ባልዲ አቀረብኩ። የመጀመሪያው ውሃ ቀይ ነበር፤ አፈሰስኩት። ከዚያ እንደ ወትሮው በመዳፌ ተቀበልኩና ቀመስኩ። ትንሽ ዝገት ነበረው። ቆየሁና ሁለተኛ ተቀበልኩ፤ እሱ ጠርቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ስለጠማኝ ሦስተኛም ተቀበልኩ። "አሁን ለእማዬ ይሆናል" ብዬ ጆጉን ፍለጋ ስዞር ነው አልጋዋን ባዶ ያየሁት። ያኔ ትዝ አለኝ።

እጄ ውስጥ የነበረውን ደፋሁት። የጠጣሁትን ግን ከየት ላወጣው?

ሌላ ሰው ቢሆን በርሃብ ተሸንፎ ነው የሚጠጣው። እኔ አልተሸነፍኩም፣ ረሳሁ። እጄን ይዛ ደጃፉን ከተሻገርን ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላም፤ እሷ አዲስ አበባም አልደረሰች ይሆናል። እኔ ረሳኋት። ከዚያ በኋላ እስክትደውዪ ድረስ ምንም አልቀመስኩም። ለከሪማ ሆዴን አሞኛል አልኳት። ግን የተቆረጠ ክር ከመሀል ቢይዙት ያው የተቆረጠ ነው።

በማግስቱ ኩኩ ዱባይ ላይ ጭጋግ ነው፣ አውሮፕላን አይነሳም ብለሽ የላክሽውን ሰጠችኝ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ አየር ማረፊያ ሙሉ ሰው በእኔ መዳፍ ውሃ መንገድ ላይ ያደረ መሰለኝ። ሕፃናትም ነበሩ ይሆናል። ኩኩ "ምን ሆንሽ?" ስትለኝ "ፀሐዩ ነው" አልኳት።

ስልክሽ ሲመጣ ከሪማ ውሃ ሰጠችኝ። ያን ሁሉ ሰዓት ደርቄ ቆይቼ አልወርድ አለኝ። ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ምን አለችኝ መሰለሽ፤ "እኛ በረመዳን ረስቶ የጠጣን ሰው አላህ አጠጣው ነው የምንለው። ጾሙን ይቀጥላል እንጂ አይፈርስበትም።" ለእነሱ እንደዚያ ነው። ለእኛ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። አባ ወልደ ሚካኤል ዘንድ ሄጄ ልጠይቅ አልኩ፤ አሁንም አፌ ሌላ ሰው ይጠራል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ሳይሆኑ መጀመሪያ ማወቅ ያለባት እማዬ ናት።

እየመረቀችኝ ነው አልሽ። ያ ምርቃት ለእኔ አይደለም። ስትጽፊልኝ ደስ እንዲለኝ ብለሽ ነው፤ እኔ ግን ካነበብኩት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ዳቦዋን ለእኔ ቆርሳ ነጠላ ውስጥ የቋጠረችበትን ሰዓት አስላሁ። የመጀመሪያውን ግማሽ ስታስቀምጥልኝ እኔ ጠጥቼ ነበር።

ልጁ እስኪወለድ አትንገሪያት ልልሽ ነበር። ብዙ አሰብኩ። ምስጢር ስይዝላት ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ አሁን ደግሞ ከእሷ ስይዝባት የሚሰነጠቀው ምን እንደሆነ አላውቅም። ምርቃቷን ብትመልሰው የእሷ ነው። ስለቱ አልደረሰም ብላ መስከረም ላይ እንደገና እንሄዳለን ብትል፣ ግሸን ክንዴን ይዛ ሳይሆን እኔ እሷን አዝዬ እወጣለሁ።

ስለዚህ ከመተኛቷ በፊት፣ ውሃዋን አጠገቧ አድርጊላትና ይሄን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ከመሀሉ አትዝለዪ።

ኩኩ ዛሬ ሁለቴ ነው ፎቶ የምታነሳው። ፊደሉን በትልቁ ስለጻፍኩት አንድ ወረቀት አልበቃኝም።

ልጃችሁና እህትሽ ትህትና